የአስታማሚ ሙያ

በድሬዳዋ የቀኑ ወበቅ በርዶ ከደቻቱ ወንዝ አቅጣጫ ጥቂት ነፋስ በሚነሣበት በሌሊቱ እኩሌታ፣ ከመጋላም ይሁን ከሳቢያን፣ ከገንደ ቆሬም ይሁን ከአዲስ ከተማ፣ ሕፃኗን በነጠላ አቅፋ በባጃጅ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል የምትገሠግስ አንዲት እናት በሕሊናችን ብንሥል፣ ይህች እናት የሞተሩን ጩኸት አትሰማም፤ የምትሰማው በደረቷ ላይ የተለጠፈውን፣ እንደ ወናፍ ቶሎ ቶሎ የሚነሣውንና የሚወድቀውን የልጇን ትንፋሽ ብቻ ነው። ቋንቋችን ነፋስንና ነፍስን፣ እስትንፋስንና መንፈስን ከአንድ የግዕዝ ሥር ማብቀሉ በከንቱ እንዳልሆነ የሚገባን እንዲህ ባለ ሌሊት ነው፤ ትንፋሽ ሲያጥር ነፍስ ራሷ በደጅ እንደ ቆመች ያህል ይሰማልና።

ስለ ሐኪሞች ጥበብና ስለ መድኃኒቶች ኃይል ብዙ ተጽፏል፤ ከታመመው ሕፃን አልጋ ዳር ቀንና ሌሊት ስለምትቀመጠው ሴት ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። አማርኛችን ይህችን ሰው አስታማሚ ይላታል፤ ቃሉም ታመመ ከሚለው ግሥ የወጣ ስለሆነ፣ ሕመሙን ከታማሚው ጋር ተካፍሎ የሚያድረውን ሰው ያመለክታል። ይህ ጽሑፍ ሊናገር የተነሣው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ማስታመም ፍቅር ብቻ ሳይሆን ሙያም መሆኑን፣ ፍቅር ዕውቀት ሲጎድለው ወደ ፍርሃት ተለውጦ የሚወደውን ልጅ ሊጎዳ እንደሚችል፣ ዕውቀት ሲጨመርበት ግን ከመድኃኒቱ ጎን የሚቆም ሁለተኛ መድኃኒት እንደሚሆን ነው።

ድሬዳዋ ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቈረቈረች፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በቆላ የምትገኝ ሙቅ ከተማ ስለሆነች፣ ልጁን «ብርድ መታው» የሚለው የጎረቤት ፍርድ በዚች ከተማ ሲነገር አድማጩን ሊያስገርም በተገባ ነበር፤ ዳሩ ግን ብርድ ካልሆነ ደግሞ ምች ነው ይባላል። ሕዝቡ ለበሽታው ያወጣለት ስም ራሱ «የሳንባ ምች» በመሆኑ፣ ምችም በልማድ አነጋገር ፀሐይ የሚያመጣው ድንገተኛ ሕመም በመሆኑ፣ ስሙን የሰማ ሰው መድኃኒቱንም ከስሙ እየፈለገ የዳማከሴ ቅጠል ይጨምቃል፣ መስኮት ይዘጋል፣ በልጁ ላይ ብርድ ልብስ ይደራርባል። እንዲህ ሲባል አንድና ሁለት ቀን ያልፋል፤ በዚህ ደዌ ግን አንድና ሁለት ቀን ሕይወትንና ሞትን የሚለይ ዘመን ነው።

በእውነቱ የሳንባ ምች ብርድ ወይም ፀሐይ የሚወልደው ሕመም ሳይሆን፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያን ወደ ሳንባ ገብተው የሚያስነሡት ደዌ ነው። ሳንባ በውስጡ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዙ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉት፤ በጤና ጊዜ በእነዚህ ከረጢቶች ስስ ግድግዳ በኩል ኦክሲጅን ወደ ደም ይገባል፣ የተቃጠለው አየር ደግሞ ከደም ይወጣል። ተሐዋስያኑ ሲወርሯቸው ግን ከረጢቶቹ በመግልና በፈሳሽ ስለሚሞሉ፣ ልጁ ምንም ያህል አየር ቢስብ አየሩ ከደሙ ጋር ሳይገናኝ ይመለሳል፤ ትንሹ አካል ያጣውን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሰውም ስለዚህ ነው። ከተሐዋስያኑ መካከል ኒሞኮከስና ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ቢ የተባሉት ባክቴሪያዎች፣ አር.ኤስ.ቪ. የተባለው ቫይረስም፣ በሕፃናት ላይ ብዙ ጉዳት በማድረስ የታወቁ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ መዘገበው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከ740,000 የሚበልጡ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት በዚህ በሽታ ሞተዋል፤ ይህም በዚያ ዕድሜ ከደረሰው ሞት ሁሉ ከመቶ 14 እጅ ያህሉ ነው።

ይህን የሚያህል ጠላት ለመለየት የሚያስፈልገው የመጀመሪያው መሣሪያ ግን ዛሬ በየቤቱ ይገኛል፤ እርሱም በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው ሰዓት ነው። ልጁ በማያለቅስበትና በማይጠባበት ጸጥታ ልብሱን ከደረቱ ገልጦ፣ ደረቱ ወይም ሆዱ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። ሕፃኑ ከ2 ወር በታች ሆኖ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ሆኖ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ሆኖ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሳል ላለበት ልጅ ይህ ቁጥር ራሱ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ የሚል ጥሪ ነው። ልጁ አየር በሚስብበት ጊዜ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ደዌው መጽናቱን ያሳያል፤ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ቢጠሩት የማይነቃ ፈዛዛ ከሆነ ግን ያ ሰዓት የምክር ሰዓት ሳይሆን የሩጫ ሰዓት ነው። በአገራችን ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህንኑ ቁጥር እየቆጠሩ፣ ላልጸናበት ልጅ በመንደሩ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እንዲሰጡ፣ የጸናበትን ከፍ ወዳለ ጤና ተቋም እንዲልኩ መደረጉ፣ መቁጠር የተባለው ቀላል ነገር የስንት ሕክምና መሠረት እንደ ሆነ ይመሰክራል።

እናቲቱ ሆስፒታል ስትደርስ የመጀመሪያው ፍርሃቷ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከኦክሲጅኑ ቱቦ ነው። ነርሷ በልጁ ጣት ላይ ፐልስ ኦክሲሜትር የተባለውን ቆንጣጭ መሣሪያ አድርጋ በደሙ ያለውን የኦክሲጅን መጠን ስትለካ፣ መጠኑም ከመቶ 90 በታች ሲሆን፣ ቀጭኑን ቱቦ በአፍንጫው ታስገባለታለች፤ ያን ጊዜ «ኦክሲጅን የተደረገለት ሰው አይተርፍም» የሚለው አሮጌ ወሬ በእናቲቱ ጆሮ ያንሾካሹካል። ወሬው የተወለደው፣ ኦክሲጅን እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ለሞት ለቀረበው ሰው ብቻ በመጨረሻው ሰዓት ይሰጥ ስለነበር ነው፤ ነገሩም ቃጠሎ በተነሣበት ሁሉ ውሃ ተሸክመው የሚሮጡትን ሰዎች አይቶ እሳቱን ያስነሣው ውሃው ነው እንደ ማለት ነው። ኦክሲጅን ለሕፃኑ፣ ሌላው መድኃኒት ተሐዋስያኑን እስኪያሸንፍለት ድረስ የሚያቆየው ስንቅ ነው። ቱቦው ስለጎረበጠው ልጁ ቢያለቅስ፣ እንባውን አይቶ በርኅራኄ ቱቦውን የሚነቅል እጅ፣ ሳያውቀው ያንን ስንቅ ከአፉ ይነጥቃል።

ጥበብ ሁልጊዜ ከውድ ዕቃ ጋር እንደማይመጣ ለመረዳት፣ በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ የሚሠሩት ዶክተር መሐመድ ጆባየር ቺስቲ የሠሩትን ማስታወስ ይበቃል። ሐኪሙ ልጁ የሚያስወጣውን ትንፋሽ በቱቦ አድርገው ውሃ ወዳለበት የሻምፑ ጠርሙስ በመምራት፣ አረፋው በሚፈጥረው መጠነኛ ግፊት የሳንባው ከረጢቶች እንዳይከደኑ የሚያደርግ ርካሽ ዘዴ አበጅተው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2015 ለዓለም አሳውቀዋል፤ ይኸው ዘዴ ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ ጠቅላላ ሆስፒታሎችም ተፈትኗል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በበኩሉ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የኦክሲጅንንና የመለኪያውን መሣሪያ አቅርቦት በመላ አገሪቱ ለማስፋት የሚመራበትን ዕቅድ አውጥቶ ሠርቷል።

እንግዲህ ሐኪሙ መርፌውን አዝዞ፣ ነርሷ ሰጥታ ወደ ሌላው አልጋ ስትሻገር፣ የሚቀረው የቀኑ ርዝመት ሁሉ የአስታማሚዋ ነው። በዚህ ጊዜ የምትሠራው ነገር የለም ብላ የምታስብ እናት ተሳስታለች። ልጁን ጋደም ከማድረግ ይልቅ ራሱንና ደረቱን ከፍ አድርጋ ብትይዘው ትንፋሹ ይቀልለታል፤ አፍንጫው በንፍጥ ሲደፈን በንጹሕና በረጠበ ጨርቅ ብትጠርግለት አየሩ መንገድ ያገኛል። ጡት የሚጠባውን ሕፃን በጥቂት በጥቂቱ፣ ነገር ግን ቶሎ ቶሎ ማጥባት ይገባታል፤ የታመመ ልጅ እንደ ጤነኛው በአንድ ጊዜ ጠጥቶ አይጠግብምና። ትንፋሹ እጅግ በፈጠነ ጊዜ ግን በአፉ ማንኛውንም ነገር በግድ ማፍሰስ ፈሳሹን ወደ አየር ቧንቧው ሊያስገባው ስለሚችል፣ ነርሷ በአፍንጫው በምትከተው ቀጭን የምግብ ቱቦ ወይም በደም ሥሩ እስኪመገብ ድረስ መታገሥ የሙያው አንድ ክፍል ነው፤ እናቲቱም በዚያን ጊዜ ጡቷን እያለበች ወተቱ እንዳይደርቅ ትጠብቃለች። ለሕፃን ቅቤ ማዋጥ ደረትን ያለሰልሳል የሚለው ልማድም በዚሁ ምክንያት ሊቀር ይገባዋል፤ ወደ ሳንባ የወረደ ቅባት ደረትን አያለሰልስም፣ ሌላ ሕመም ይጨምርበታል እንጂ።

በድሬዳዋ ሙቀት ትኩሳት የያዘውን ልጅ በብርድ ልብስ መጠቅለል ትኩሳቱን ማባባስ ነው፤ ቀለል ያለ ልብስ ይበቃዋል፣ መስኮትም ቢከፈት አይጎዳውም። ኦክሲጅን ባለበት ክፍል ሻማ ማብራትም ሆነ ዕጣን ማጨስ ፈጽሞ አይገባም፤ ኦክሲጅን እሳትን ያፋፍማልና፣ ጭሱም የቆሰለውን ሳንባ ይፈትናል። ልጁን ከመንካት በፊትና በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ አጠገብ ያለውን ሌላ ሕፃንም መጠበቅ ነው። ከቤት የመጣ ቅጠልም ሆነ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ሽሮፕ ሐኪሙ ሳያውቅ በስውር አይሰጥም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ንቁ ዓይን ነው፤ ከንፈሩ ሲጠቁር፣ ሲያቃስት፣ ደረቱ ከቀድሞው ይልቅ ሲሰረጉድ፣ ለመቀስቀስ ሲያስቸግር፣ ሳትፈራና ሳታፍር «ሲስተር፣ ልጄ ተለወጠብኝ» ብላ የምትጠራው እርሷ ናት። ነርሷ ብዙ አልጋዎች አሉባት፤ የአስታማሚዋ ዓይን ግን ካንዱ አልጋ አይነሣም። ስለዚህ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፦ መድኃኒቱ ምን ይባላል፣ በስንት ሰዓት ይሰጣል፣ ትናንትና ዛሬ የተለካው ኦክሲጅን ስንት ነው ብላ ጠይቃ በወረቀት የምትጽፍ፣ መጻፍም ባትችል ለልጇ አባት ነግራ የምታስጽፍ እናት፣ ለሐኪሙ ረዳት እንጂ ሸክም አትሆንበትም።

ከፍ ያለው ልጅ ደግሞ ከመድኃኒቱ ሌላ የሚያስፈልገው ነገር አለ፤ እርሱም እውነት ነው። በአገራችን ልጅን ዝም ለማሰኘት «ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል» ብሎ ማስፈራራት፣ መርፌው ሊመጣ ሲል ደግሞ «ምንም የለም» ብሎ መዋሸት የተለመደ ነው። እንዲህ የተታለለ ልጅ ነጭ ልብስ ባየ ቁጥር ይጮኻል፣ ጩኸቱም ያጠረውን ትንፋሹን ይበልጥ ያደክመዋል። «ጥቂት ያምሃል፣ እኔ እጅህን እይዛለሁ፣ ቶሎ ያልፋል» ብሎ እውነቱን በለሆሳስ መናገርና ቃልን መፈጸም፣ ልጁ እናቱንም ሐኪሙንም እንዲያምን ያደርገዋል።

የእናት ከልጇ አጠገብ መሆን በሌላው ዓለም ሁልጊዜ የተፈቀደ ነገር አልነበረም። ባለፈው ምእተ ዓመት መካከለኛ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ብዙ ሆስፒታሎች ወላጆች ልጆቻቸውን የሚጠይቁበትን ጊዜ እጅግ ያሳጥሩት ነበር፤ ምክንያታቸውም ወላጅ ሲመጣ ልጁ ያለቅሳል የሚል ነበር። ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1952 አንዲት የ2 ዓመት ሕፃን ከእናቷ ተለይታ በሆስፒታል ስትሰነብት የደረሰባትን ኀዘን በፊልም አንሥቶ ባሳየ ጊዜ የብዙ ሰው ልብ ተነካ፤ እ.ኤ.አ. በ1959ም የፕላት ሪፖርት የተባለው የመንግሥት ጥናት ወላጆች ያለ ገደብ ልጆቻቸውን እንዲጠይቁ መከረ። እንግሊዞቹ በምርምር የደረሱበትን ይህን እውነት የእኛ ሕዝብ በባህሉ ጠብቆ አቆይቶታል፤ በእኛ አገር ሕፃን ብቻውን አይታመምም። ይህን ርስት ልናከብረው ይገባል፤ ማክበራችንም የሚታወቀው በዕውቀት ስናሟላው ነው።

ሕፃን ብቻውን እንደማይታመም ሁሉ እናትም ብቻዋን ልታስታምም አይገባም። ድል ጮራ ከከተማው ነዋሪ ሌላ ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ፣ ከሶማሌ ክልልም የሚመጡትን ሕሙማን ስለሚቀበል፣ በሕፃናቱ ክፍል አንዷ እናት በኦሮምኛ፣ ሌላዋ በሶማልኛ፣ ሦስተኛዋ በአማርኛ ልጇን ታባብላለች። ከገጠር መጥታ የሐኪሙ ቃል ያልገባት እናት ስትኖር፣ ሁለት ሦስት ቋንቋ አብሮት ያደገ የድሬ ሰው ከጎኗ ባለው አልጋ ይገኛልና፣ ያ ሰው በቅን ልብ የሚያደርገው ትርጉም አንዲት ነፍስ ሊያድን ይችላል። የዕድሩና የአፎሻው ወገን ደግሞ ለመጠየቅ መምጣቱ የተመሰገነ ቢሆንም፣ ዐሥር ሰው በአንድ አልጋ ዙሪያ ሲቆም ልጁ አየርም ዕረፍትም ያጣል፣ ጉንፋን ያለበት ጠያቂም ሳያውቀው ሌላ ደዌ ያመጣለታል። ስለዚህ የጠያቂው ፍቅር ከአልጋው ዳር ይልቅ በሌላ ስፍራ ቢገለጥ ይሻላል፦ አንዱ ቤት የቀሩትን ልጆች ያብላ፣ አንዱ ለመድኃኒት መግዣ የጎደለውን ይሙላ፣ አንዷም ለአንድ ሌሊት ተተክታ እናቲቱን ታስተኛት። ሦስት ሌሊት ያልተኛ ዓይን የልጁን ከንፈር መጥቆር ሊለይ አይችልምና።

በዚህ መካከል የሃይማኖት ነገር ሳይነሣ አያልፍም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል ከሚጎርፈው ምእመን መካከል ስለ ልጅ ሕይወት የተሳለውን ሰው ብዛት የሚያውቅ ሰው፣ ለታመመ ሕፃን ጸሎት ማድረስን ከንቱ ነው ሊል አይደፍርም። ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምንና መድኃኒትን የፈጣሪ ስጦታ አድርጎ ማክበርን ያስተምራል፤ በእስልምናም ዘንድ መታከም የታዘዘ ነገር ነው። ስለዚህ ጸሎቱ በአልጋው ዳር ይሁን፤ ልጁን ከኦክሲጅኑ ነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ መውሰድ ግን አይገባም። ጠበልም ቢሆን ትንፋሽ ላጠረው ሕፃን በአፉ ከማፍሰስ ይልቅ ግንባሩን መዳሰስ ይበቃል፤ ሳንባው ውሃን ከውሃ አይለይምና።

ከዚህ ላይ ቀድሞ ስለ ፀሐይ ወደ ተነሣው ነገር መመለስ ይገባል። ምችን በመፍራት ሕፃንን ለወራት ከጨለማ ክፍል አለማውጣት በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ እንደ ጥንቃቄ ይቆጠራል። ነገር ግን ዶክተር ሉሉ ሙሔና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ጋር አስተያይተው፣ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት፣ ሪኬትስ የተባለው የአጥንት መለስለስ በታመሙት ዘንድ በብዙ እጥፍ በዝቶ መገኘቱን አሳይቷል። ሪኬትስ ደግሞ የሚመጣው በአብዛኛው ፀሐይ ለሰውነት ከምትሰጠው ቫይታሚን ዲ እጥረት ነው፤ የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን ደረቱን አጠንክሮ መተንፈስና ማሳል ያቅተዋል። እንግዲህ ልጇን ከምች ለማዳን ከፀሐይ የሸሸገች እናት፣ በዚያው መሸሸግ ለሳንባ ምች በር ከፍታለት ተገኘች ማለት ነው። ፍቅር ዕውቀት ሲጎድለው ወደ ፍርሃት ይለወጣል ያልነው ስለዚህ ነው። ፀሐይ በማትጎድልበት በድሬዳዋ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ሕፃኑን ገላውን ገልጦ ጥቂት ማሞቅ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥበቃ ነው።

ልጁ ድኖ ወደ ቤት ሲመለስ የአስታማሚዋ ሥራ አያበቃም። የቀረውን መድኃኒት፣ ልጁ ቢጫወትና ቢስቅም፣ እስከ ታዘዘው ቀን መፈጸም፣ በቀጠሮው መመለስ፣ በሕመሙ የከሳውን ሰውነት ለመመለስ ለጥቂት ሳምንታት አንድ ማዕድ ጨምሮ መመገብ ይገባል። ሳሉ ቀስ በቀስ ሲለቅ ሊቆይ ይችላል፤ ትንፋሹ እንደ ገና ከፈጠነ ግን ሳይዘገዩ መመለስ ነው። ከሰል በሚያያዝበትና ምጣድ በሚጣድበት ጊዜ ሕፃኑን በጀርባ አዝሎ ከጭሱ መካከል አለመቆም፣ እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ምንም አለመስጠትም የበሽታውን ተመላልሶ መምጣት ይከላከላል። መንግሥት ያለ ዋጋ የሚሰጠው ክትባትም የታወቀ ጋሻ ነው፦ ሄሞፊለስን የሚከላከለው ክትባት በ1999 ዓ.ም.፣ ኒሞኮከስን የሚከላከለው ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በአገራችን ተጀምረው በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣሉ፤ በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባትም ኩፍኝ ተከትሎት ከሚመጣው የሳንባ ሕመም ይጠብቃል።

በመጀመሪያ በሕሊናችን የሣልናት እናት ከብዙ ቀን በኋላ ልጇ ጡት ፈልጎ በማለዳ የቀሰቀሳት ጊዜ፣ ያ ጥያቄው ከማንኛውም የምሥራች በላይ ሆኖላት፣ ዛፎች በሚያጠሉበት በከዚራ ሰፈር በኩል ወደ ቤቷ ተመልሳለች እንበል። ከጥቂት ወራት በኋላም የጎረቤቷ ሕፃን ሲያስለው ሴቶቹ ተሰብስበው ብርድ ነው ወይስ ምች እያሉ ሲከራከሩ ብትደርስ፣ እርሷ በክርክሩ አትገባም። ወደ ሕፃኑ ቀርባ ተቀምጣ፣ «እስቲ ልብሱን ግለጪልኝ፣ ስልክሽንም አቀብዪኝና ለአንድ ደቂቃ ሁላችሁም ዝም በሉ፤ ልቁጠርለት» ትላለች። ያን ጊዜ አስታማሚነት ከአንዲት ሴት ኀዘን ተነሥቶ የአንድ ሰፈር ሙያ ሆነ ማለት ነው።